ክሩ የወለቀው ቤዝ

ስለ ጂን፣ ስለ ዛር፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክሩልኛል። ኮምቦልቻ ሳድግ እናቴ እህቶቼን ሲመሽ ሙቅ ውሃ ደጅ ስትደፉ "ቢስሚላህ" በሉ፣ እዚያ ያሉትን እንዳታቃጥሉ እያለች ስትቆጣ እኔ ከኋላ ሆኜ እስቅ ነበር፣ አንዴም በጥፊ ብላኛለች። ሥራዬም ከድምፅ ጋር ነው፣ ብዙ ዓመት በየሆቴሉ ባንድ ቤዝ ጊታር ስመታ ኖሬ፣ ጣቶቼ ሲደክሙ መቀሌ ሮማናት አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ጊታርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፣ ስለዚህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ከየት እንደመጣ ያላወቅኩት ድምፅ ካለ የላላ ሽቦ ፈልጌ አገኝለታለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግርህ ሰውየው ቀልቡ የተገፈፈ ነው እንዳትለኝ ነው።

ከጥገናው ሌላ አንድ የታወቅኩበት ነገር አለ፣ ሰዎች በቴሌግራም የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ ሲያዩ ፎቶውን ይልኩልኛል፣ "ሰይዶ፣ እስቲ እውነተኛ ነው?" ይሉኛል። ወላሂ፣ በዚህ አገር ዕድሜው ያልተጋነነ ጊታር አላየሁም፣ ትናንት ከካርቶን የወጣውን በአሸዋ ወረቀት ፈትገው፣ ሻይ ቀብተው፣ "አባቴ የድሮ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወትበት የነበረ" ብለው ይለጥፉታል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ክፉ ነኝ፣ ሻጩ ጓደኛዬ ቢሆንም የውሸቱን እውነት ነው ብዬ አላውቅም፣ በሌላው ነገር ምን ያህል ታማኝ እንደሆንኩ ባትጠይቀኝ ይሻላል፣ በዕቃ ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ታዲያ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሙዚቀኛ ደወለልኝና መቀሌ ውስጥ የአሜሪካ አሮጌ ቤዝ ለሽያጭ ወጥቷል፣ ሄደህ እየው፣ እውነተኛ ነው ካልከኝ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ፣ አንድ ብሎን እንኳ የተቀየረ ከሆነ ግን አልፈልገውም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ካቻቢቴዬንና ትንሿን መሞከሪያ አምፕ ይዤ በባጃጅ ወደ ሰሜን ወጣሁ።

ቤቱ ወደ ውቅሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ ከጎኑ ወፍጮ ቤት አለ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሊዘንብ ደርሷል። በሩን የከፈተችልኝ ለታይ የምትባል ሴት ናት፣ ማስታወቂያውን የለጠፈችው እሷ ናት፣ አስተማሪ ነኝ ብላኛለች በስልክ። ገና ሰላም ልላት ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችኝ፣ እዚያ ቆመን ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ቤዙ የወንድሟ የክብሮም ነው። ክብሮም በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም፣ አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ እንደሞተ፣ በእጁ እንደቀበረው ነግሯታል። እናታቸው ግን አልሰሙም። የእናትየው ወንድም አያ ሓጎስና የሰፈሩ ሽማግሌዎች መክረው በማግስቱ እሑድ ጎህ ሳይቀድ መርዶውን ሊነግሯቸው ተስማምተዋል፣ ድንኳኑ ጎረቤት ቤት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ለለቀስተኛው የሚሆነውን እህል በየቤታቸው ማዘጋጀት ጀምረዋል፣ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ አንድ እናት ብቻ አያውቁም።

ታዲያ ቤዙን ለምን በዚህ ቀን ትሸጫለሽ አልኳት፣ ለመቆጣትም ዳድቶኝ ነበር። በኛም አገር በእነሱም አገር እንደምታውቀው ልቅሶ ላይ የሟች ልብስ፣ ፎቶ፣ ሲሠራበት የነበረው ዕቃ ይወጣል፣ አልቃሾች እያነሱ ያስለቅሱበታል። ቤዙን አውጥተው እናቷ ፊት ሲያነሱት ማየት እንደማትችል፣ ጎረቤት ብታስቀምጠው ደግሞ አክብረውት ራሳቸው ይዘውት እንደሚመጡ ነገረችኝ። "ሓወይ፣ በጃኻ፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ይውጣ፣ የሚያውቅበት ሰው ይውሰደው እንጂ" አለችኝ፣ ወንድሜ እባክህ ማለቷ ነው። ለእናቷ የነገረቻቸው ሊጠገን ነው ብላ ነው፣ እኔም ጠጋኙ ነኝ።

እናትየው አደይ ስላስ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከጓዳው አልጋ ብዙም አይነሱም፣ ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ድምፄን ሲሰሙ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው የየት አገር ልጅ ነህ አሉኝ፣ ወሎ ስላቸው ደስ አላቸው፣ ድሮ ወልዲያና ደሴ እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የደሴን ሰፈሮች እየጠሩ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ "ልጄ፣ አጥብቀህ ሥራልኝ፣ ሲመጣ እንዳይቆጣን" አሉኝ። ለታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔም እሺ እናቴ ብዬ ዕቃዬን መዘርጋት ጀመርኩ፣ ምን ልበል?

ቤዙ ከሶፋው ጎን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ቀይ ነው፣ ቀለሙ ቀኝ ክንድ በሚያርፍበት በኩል እስከ እንጨቱ ተበልቷል፣ እንዲህ ያለ መበላት በአሸዋ ወረቀት አይመጣም፣ ልቤ ወዲያው እውነተኛ ነው አለኝ። አምፑ ላይ ሰካሁት። የቆየ ቤዝ ሲሰካ ዝዝ ይላል፣ ክሩን በእጅህ ስትነካው ደግሞ ጸጥ ይላል፣ ሰውነትህ ጩኸቱን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር ስለሚሆንለት ነው፣ ምንም ምስጢር የለውም። የዚህኛው ግን እጄ ክሩ ላይ ሳይደርስ ጸጥ አለ። እጄን መለስኩ፣ ጮኸ፣ እንደገና ዘረጋሁ፣ አሁንም ሳልነካው ጸጥ አለ፣ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እጁን የጣለበት ይመስል። የላላ ሽቦ ነው አልኩ ለራሴ፣ ስከፍተው አገኘዋለሁ።

ወፍራሙን ክር ስቃኘው ደግሞ አልቆም አለኝ፣ አጠብቀዋለሁ፣ ሌላውን ክር ቃኝቼ ስመለስ ወርዶ አገኘዋለሁ። የላላ መቃኛ ይወርዳል፣ ልክ ነው፣ ግን ያገኘው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ ይሄ ግን ሁልጊዜ የሚወርደው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላስታውስም፣ ያው አንድ ድምፅ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ለታይ ቆማ ስታየኝ ነበር፣ ክብሮም ያንን ክር ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው አለችኝ፣ እናታችን ከደረቴ ገብቶ ይሰማኛል ስለምትለው። ያን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ትንሽ ብርድ ቢጤ ተሰማኝ፣ ግን ዝናቡም ጀምሮ ነበርና በዝናቡ አሳበብኩ።

ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄደ። ወፍጮው ተንፏቅቆ ቆመ፣ አምፔ ሞተ፣ ለታይ የስልኳን መብራት አበራችልኝ። የቀረኝ ዋናው ሥራ ነው፣ አንገቱን ፈትቶ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ማየት፣ አንድን ቤዝ እውነተኛ ነው አይደለም የምትለው እዚያ ነው፣ ውጪውን ማንም ያሳምረዋል፣ ያ ቦታ ግን ሰው ያየዋል ተብሎ የተሠራ አይደለም። አራቱንም ክሮች አላልቼ አወለቅኩና ጠቅልዬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ አንገቱን አወጣሁ። ወዳጄ፣ አካሉ እውነተኛ ነው፣ አንገቱ ግን ወይራ ነው። እዚሁ አገር በእጅ የተሠራ፣ በቢላ ተልጎ በመስተዋት ስባሪ የተፋቀ ወይራ፣ ጫፉ ላይ ያለው የፋብሪካው ስም እንኳ በእጅ የተሳለ ነው። ለታይን ስጠይቃት አንገቱ ተሰብሮበት ክብሮም ራሱ ቁጭ ብሎ እንደሠራው፣ ይህ ለሽያጩ ችግር ይሆናል ብላ እንዳላሰበች ነገረችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተዋጣለት የእጅ ሥራ ጥቂት ነው ያየሁት፣ ሆኖም ገዢው አንድ ብሎን ብሎኛል። እውነተኛ ነው ብዬ መልእክት ብልክ ቤዙ ዛሬ ይወጣል፣ አይደለም ብል ነገ ጠዋት አደይ ስላስ ፊት ይነሳል፣ የልጅቷን ዓይን ማየት አቃተኝ። አንገቱን በግራ እጄ፣ አካሉን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ምን ልበላት እያልኩ ቀረሁ።

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። መጀመሪያ በጆሮዬ አልሰማሁትም፣ በእግሬ ነው የሰማሁት፣ ወለሉ ላይ። ከዚያ ጠራ፣ ቤዝ ነው፣ ጥቂት ድምፆች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ ያ ዝቅ ብሎ የተቃኘው ላይ ያርፋሉ፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ወላሂ ልንገርህ፣ መዳፌ እንጨቱ ላይ ነበር፣ እንጨቱ አይንቀጠቀጥም፣ ክር የለውም፣ መብራት የለም፣ ወፍጮው ቆሟል፣ ግቢው ውስጥ ራዲዮም ስልክም አይሰማም። ድምፁ ከየት ነው ልበልህ፣ ከዚያው ከክፍሉ ነው፣ ከሶፋውና ከግድግዳው መሃል፣ ሰው ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ከሚሆንበት ቦታ። ለታይ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች፣ ስልኳ ስለወደቀ ጨለመብን፣ እኔ ሳላስበው ጮክ ብዬ "ማነው?" አልኩ። ድምፁ አልቆመም። አንድ ዙር ጨርሶ፣ ሌላውን ጀምሮ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፣ አላለቀም፣ ተወው።

ከመጋረጃው ወዲያ አደይ ስላስ ሳቁ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ቤት የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። "ክብሮም ወደይ፣ መጺእካ?" አሉ፣ ልጄ መጣህ? ማለታቸው ነው፣ ለታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ከዚያ እንደምንም ድምፅዋን አስተካክላ ጠጋኙ ሲሞክረው ነው አለቻቸው። እሳቸው ለራሳቸው የሆነ ነገር እያንጎራጎሩ ቆዩ። እኔ በጭለማው ብሎኖቹን እየጣልኩ እያነሳሁ አንገቱን መልሼ ገጠምኩት፣ ክሮቹን ማሰር ግን አልቻልኩም፣ እዚያው ሶፋው ላይ ትቼ፣ አምፔንም ረስቼ ወጣሁ። ለታይን ደህና እደሪ እንኳ አላልኳትም። ለገዢው ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ አንገቱ የተቀየረ ነው ብዬ ጻፍኩለት፣ ተወው በቃ አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለታይ ደወለች፣ ቶሎ ና አለችኝ፣ ምክንያቱንም አልነገረችኝ። ስደርስ ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተወጥሯል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳው ጥግ ቆመዋል፣ ሰው ሞልቷል፣ የሚያለቅስ ግን የለም፣ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ልቅሶ ቤት ሰምተህ ታውቃለህ? ለታይ በሩ ላይ ያዘችኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተው መርዶውን ነግረዋቸዋል፣ አደይ ስላስ እስኪጨርሱ በአክብሮት ሰምተው፣ ተሳስታችኋል፣ ልጄ ትናንት መጥቶ ቤዙን ሲመታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለዋቸዋል፣ ጠጋኙ ነው ቢሏቸው ደግሞ እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብለዋል። እናት ሳታለቅስ ማን ይጀምራል? ያ ሁሉ ሕዝብ የቆመው ለዚህ ነው። ለታይ ያን ጊዜ ያለችኝን አልረሳውም።

"ሓወይ፣ ዛሬ ካላለቀሰች መቼም አታለቅስም፣ ዕድሜዋን ሙሉ በር በሩን ስታይ ልትኖር ነው። አንድ ቃል ነው የምለምንህ።"

ገባሁ። አደይ ስላስን ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል፣ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ያየሁት፣ ትንሽ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ንቁ ነው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል፣ አያ ሓጎስ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና በአማርኛ "ልጄ፣ ፈጣሪህን አስበህ ተናገር፣ ትናንት በዚህ ቤት ቤዝ የመታኸው አንተ ነህ?" አሉኝ። አስበው እንግዲህ፣ እኔ ለአንድ ክር እንኳ እውነተኛ ነው ብዬ የማልዋሸው ሰውዬ፣ የአንድ ሰው መሞት አለመሞት አፌ ላይ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ብናገር ምን ልል ነው? አልመታሁም ካልኩ ማን መታው? ልጅዎ ነው ልበላቸው? ወላሂ የምትለው ቃል ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ከአፌ የምትወድቅ ናት፣ አንተም ሰልችተሃታል መሰለኝ፣ ያን ጠዋት ግን ልጨምራት ብፈልግ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። "እኔ ነኝ አባቴ፣ እኔ ነኝ የመታሁት" አልኩ።

አደይ ስላስ ትኩር ብለው አዩኝ። የተናደዱ አይመስሉም፣ የደከማቸው ነው የሚመስለው። ከዚያ ነጠላቸውን አወረዱና ደረታቸውን መታ፣ መታ አደረጉ፣ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት፣ ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ሰውነት መውጣቱ ይገርማል፣ ውጪ የቆሙት ሁሉ አንድ ላይ ተቀበሏቸው። የሚወጣው ሁሉ ወጣ፣ ሸሚዙ፣ ፎቶው፣ ክር የሌለው ቤዝ፣ አንዲት አልቃሽ አንገቱን ይዛ ከፍ ስታደርገው ለታይን አየኋት፣ አልሸሸችም፣ ሄዳ አብራ ያዘችው። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም፣ የማላውቀውን ሰው ከሚያውቁት እኩል አለቀስኩት።

ወደ ረፋዱ ላይ ሥራ አለኝ ብዬ ልሰናበት ጎንበስ አልኩና እግዜር ያጥናዎት አልኳቸው። አደይ ስላስ የእጄን አንጓ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ፣ በለቅሶው መሃል ማንም አልሰማንም፣ በዚያ በገበያ አማርኛቸው ጆሮዬ ሥር "ልጄ፣ የመታኸው አንተ ከሆንክ፣ 'ማነው?' ብለህ የጠየቅከው ማንን ነበር?" አሉኝ። መልስም ሳይጠብቁ እጄን ለቀቁኝና ወደ ልቅሷቸው ተመለሱ።

ይህ ከሆነ ክረምቱ አልፏል፣ አምፔን ሄጄ አላመጣሁም። ሐዘናቸውን በወጉ ተቀምጠዋል፣ ለታይ አንድ ቀን ደውላ እናቷ እህል እንደቀመሱ፣ ቤተክርስቲያን መሄድ እንደጀመሩ ነገረችኝና አመሰገነችኝ። ደግ ነገር ሠርተሃል ትለኝ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን እኔም ለራሴ እንደዚያ እላለሁ። ነገር ግን የልጁን መቃብር ያየ አንድ ሰው፣ ያ አብሮት የነበረው ልጅ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ያን ምሽት የሰማሁትን ሰምቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ሞቷል ብዬ ፈርሜበታለሁ። ስልኬ ላይ የለታይ ስም በመጣ ቁጥር ክብሮም በሩን አንኳኩቶ ገባ ልትለኝ ነው ብዬ ልቤ ይወርዳል፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ የምፈራው ለምን እንደሆነ ግን ለማንም መናገር አልቻልኩም።